መልእክቱ ጣርማ በርን እንዲሻገር፤ የራዲዮ ሽቦ አንቴናን በረጅም ዛፍ ላይ ስለ መስቀል

ለተጎዳ ወገን እርዳታ በሚታደልበት ጊዜ ስለ እህሉና ስለ ጭነት መኪናው ብዙ ይነገራል። ስንት ኩንታል ወዴት ይሂድ የሚለውን ቃል ስለሚያደርሰው መገናኛ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ሆኖም ቃሉ ከተሳሳተ እህሉም ይሳሳታል። የይፋት ቆላ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከተጎዱት የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች አንዱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ጥፋት፣ እንዲሁም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለው ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የስልክ ማማውም ይዘጋል፤ በመኪና ባትሪ የሚሠራ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ጽሑፍ የራዲዮውን ሽቦ ያለ ብረት ምሰሶ፣ በአካባቢው በሚገኝ ዛፍ ላይ እንዴት በደኅና መስቀል እንደሚቻል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ሀ. ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በጀውሃ አንድ የእህል ማደያ ጣቢያ ተቋቁሟል እንበል። የተመዘገበው ሕዝብ 10,000 ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ቢታሰብ የሚያስፈልገው 1,500 ኩንታል ይሆናል። የጣቢያው ሠራተኛ «አንድ ሺህ አምስት መቶ» ብሎ ይናገራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት በጩኸት ተውጠው በወዲያኛው ጫፍ «አምስት መቶ» ተብሎ ይጻፋል። 500 ኩንታል የሚበቃው ለ3,333 ሰው ብቻ ነው። ከ6,600 በላይ የሚሆን ሕዝብ፣ ያውም ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣው፣ ባዶ አቁማዳውን ይዞ ይመለሳል። ጥፋቱ የራዲዮው ወይም የሠራተኛው ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሽቦው በአጥር ቁመት ላይ መዘርጋቱ ነው።

ለ. የመሬቱ አቀማመጥና የሞገዱ መንገድ

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከ200 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን በቆላውና በደጋው መካከል፣ በጣርማ በር በኩል ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው ገደላማ ተራራ ቆሟል። በእጅ የሚያዘው አነስተኛ ራዲዮ ሞገዱ በቀጥታ ስለሚጓዝ ከዚህ ተራራ ጋር ተጋጭቶ ይቀራል። በመኪና ላይ የሚተከለው ቀጥ ያለ ዘንግም ኃይሉን በአብዛኛው ወደ አድማስ ስለሚልክ ለቅርብ ጣቢያ ደካማ ነው።

መፍትሔው ተራራውን ከላይ ማለፍ ነው። ከምድር ጋር ትይዩ ሆኖ የተዘረጋ ሽቦ ኃይሉን ወደ ሰማይ ይልካል፤ አይኖስፌር የተባለው የአየር ንብርብር ሞገዱን መልሶ ወደ ምድር ይጥለዋል። ሞገዱ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ገደልና ሸለቆ አያግደውም፤ እስከ ሦስትና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያውን ይሸፍናል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ በአንድ ሽቦ ይደረሳሉ። ሞገዱ በየአቅጣጫው ስለሚወርድ ሁለቱ ዛፎች የግድ ወደ አዲስ አበባ የዞሩ መሆን የለባቸውም።

ከፍታውን በሚመለከት ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ። ሽቦው ሁለት ሜትር ላይ ከቀረ አብዛኛውን ኃይል መሬቱ ይውጠዋል። በሌላ በኩል «ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል» በሚል እምነት ለ20 ሜትር መድከም ለቅርብ ግንኙነት አይጠቅምም። ለ7 ሜጋኸርዝ ከ7 እስከ 10 ሜትር፣ ለ5 ሜጋኸርዝ ከ9 እስከ 15 ሜትር ይበቃል።

ሐ. የሽቦው ርዝመት

ቀላሉና አስተማማኙ አንቴና ዳይፖል የሚባለው፣ መካከሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ሽቦ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ በሜትር የሚገኘው 142.5ን በሜጋኸርዝ ቁጥር በማካፈል ነው። ለ5 ሜጋኸርዝ 28.5 ሜትር፣ ማለትም በያንዳንዱ ወገን 14.25 ሜትር ይሆናል። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ያህል፣ በያንዳንዱ ወገን 10 ሜትር ነው። በመጀመሪያ በያንዳንዱ ወገን ግማሽ ሜትር ጨምሮ መቁረጥ፣ ከተሰቀለም በኋላ በመለኪያ እያዩ ማሳጠር ይገባል፤ የረዘመን መቁረጥ ቀላል ነው፣ ያጠረን መቀጠል ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። በሁለቱ ጫፎችና በመካከሉ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ማገጃ ያስፈልጋል፤ የፋብሪካው ከሌለ የተበሳ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ያገለግላል።

መ. ዛፉን ስለ መምረጥ

በቆላው የወንዝ ዳር ሾላ፣ ዋርካና ትልልቅ ግራር ይገኛል። ለ20 ሜትር ሽቦ ከ25 እስከ 30 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ዛፎች ይመረጣሉ። የሚፈለገው የዛፉ ጫፍ ሳይሆን በተፈለገው ከፍታ ላይ ያለ ጠንካራ እርጥብ ቅርንጫፍ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ፣ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ወይም የንብ መንጋ ያለበት ዛፍ ይተዋል። በአጠገቡ የኤሌክትሪክ መሥመር የሚያልፍ ከሆነ፣ ሽቦው ወይም ገመዱ ቢወድቅ እንኳ ሊነካው የማይችል ርቀት መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ካልተረጋገጠ ሥራው አይጀመርም።

ትልቅ ዛፍ ባለቤት አለው። ሽማግሌዎች የሚታረቁበት፣ ገበያተኛው የሚያርፍበት፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን አለዚያም የመስጊድ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማስፈቀድ፣ ሚስማር አለመምታትና ቅርንጫፍ አለመቁረጥ ተገቢ ነው። ሕዝቡ የሽቦውን ጥቅም ከተረዳ ጠባቂው ራሱ ይሆናል።

ሠ. ገመዱን ስለ ማሳለፍ

ለዚህ ሥራ ማንም ሰው ዛፍ ላይ አይወጣም። የማሽላ ጠባቂ ልጆች በማማ ላይ ሆነው የሚያዞሩት ወንጭፍም አይሆንም፤ ሲዞር ክሩን በወርዋሪው ክንድ ላይ ይጠመጥመዋል። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይሠራበታል።

1. ከሸራ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት ከ300 እስከ 400 ግራም አሸዋ ይሞላባታል። ድንጋይ በቅርንጫፍ ባላ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ከረጢት ግን ተንሸራትታ ትወርዳለች።

2. ቀጭን ጠንካራ ክር ከከረጢቷ ጋር ይታሰራል። ቀሪው ክር በተነጠፈ ሸራ ላይ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ይዘረጋል፤ በእሾህና በሣር ላይ ከተጣለ ይያዛል።

3. ወርዋሪው ከረጢቷን ከጉልበቱ በታች ሁለት ሦስት ጊዜ አወዛውዞ፣ ከታች ወደ ላይ ይለቃታል። በዚህ ዘዴ 10 ሜትር መድረስ ይቻላል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ በጎማ የሚሠራው ባለ ባላ ወንጭፍ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክርና ትንሽ እርሳስ ይረዳሉ።

4. ከረጢቷ ከተያዘች በኃይል መሳብ አይገባም፤ ድንገት ስትለቅ ወደ ሳቢው ፊት ትመለሳለች። ክሩን አላልቶ ማወዛወዝ ይሻላል። ካልሆነም ክሩ ተቆርጦ ይተዋል።

5. በቀጭኑ ክር ሲባጎ፣ በሲባጎው ደግሞ የናይለን ገመድ ይሳባል። በገመዱ ጫፍ ትንሽ መዘውር ይታሰራል፤ በመዘውሩ ውስጥም ሽቦውን የሚያወጣና የሚያወርድ ሁለተኛ ገመድ ያልፋል።

6. በአንዱ ወገን ገመዱ ይታሰራል። በሌላው ወገን አሸዋ የተሞላ ጀሪካን ይንጠለጠላል። ነፋስ ዛፎቹን ሲያወዛውዝ ጀሪካኑ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ሽቦው አይበጠስም።

ረ. ስለ ጥንቃቄ

በሚወረወርበት ጊዜ ሕፃናትና ተመልካቾች እንዲርቁ ይደረጋል። የሽቦው ጫፎች ራዲዮው በሚናገርበት ጊዜ ቆዳ የሚያቃጥል ኃይል ስላላቸው የሰው እጅ ከማይደርስበት ከፍታ በታች መውረድ የለባቸውም፤ ከቅጠልም አንድ ሜትር ያህል ይራቁ። በሽቦው ሥር ጭነት መኪናና ግመል የሚያልፍ መሆኑ ይታሰብ። በክረምት ደመና ሲጠቁር፣ ነጎድጓድ ሳይቀርብ፣ ኬብሉ ከራዲዮው ተነቅሎ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

ሰ. ስለ ሰዓትና ስለ ፈቃድ

ቀን ቀን 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጥሩ ይሰማል። ሌሊት አይኖስፌሩ ስለሚሳሳ ሞገዱ ቅርብ ጣቢያዎችን ዘሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ወደ 5 ወይም ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ማንኛውም ድርጅት የሚሠራው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በተፈቀደለት ሞገድ ብቻ ነው።

አማተሮች የተባሉት የራዲዮ ወዳጆች የራሳቸው የተመደበ ሞገድና የጥሪ ምልክት አላቸው። በአገራችን የአማተር ራዲዮ ማኅበር «ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ.» በሚል የጥሪ ምልክት በአዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም ጣቢያ አቋቁሟል። ዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ አማተሮች በአደጋና በእርዳታ ጊዜ የሌላ ወገን መልእክት ከአገር ወደ አገር እንዲያስተላልፉ ይፈቅዳል። በ2007 ዓ.ም. በኔፓል የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜም አማተሮች መልእክት በማድረስ ረድተዋል። ሽቦን በዛፍ ላይ መስቀል የእነርሱ የዘወትር ሥራ ስለሆነ፣ ሠራተኛን ለማሠልጠን ከእነርሱ ጋር መተባበር ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

ይህ ሁሉ ሥራ ለሦስት ሰዎች ከግማሽ ቀን የሚበልጥ አይደለም። ነገር ግን ልምምዱ የሚደረገው በደኅናው ጊዜ ነው። ሽቦው በልኩ ተቆርጦ፣ ክሩና ከረጢቱ በአንድ ጆንያ ተዘጋጅቶ በየጣቢያው መጋዘን ይቀመጥ። ሽቦው ከተሰቀለም በኋላ ማንኛውም ቁጥር ሁለት ጊዜ ይነገር፤ ተቀባዩም መልሶ ያንብበው፦ «አንድ፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ»። ወደ ጀውሃ የሚመጣው ሕዝብ አቁማዳውን ሞልቶ የሚመለሰው፣ ጣርማ በርን የተሻገረው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አንድ ሲሆን ነው።