ጠጅ ከመጣልዎ በፊት፦ እርሾው ሕያው ነው?

አገር ቤት በልማዱ፣ ከማሩና ከጌሾው ጋር የሚገባው እርሾ ብርዙን ያፈላዋል። ውጭ አገር ሆነው የፓኬት የወይን እርሾ የሚጨምሩ ከሆነ ግን ውድ ማርዎን ከመበረዝዎ በፊት እርሾውን ይፈትሹ።

መጀመሪያ ፓኬቱን ይዩ። አየር እንዳያስገባ ታሽጎ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ደረቅ እርሾ ከዓመት በላይ ይቆያል። ተከፍቶ የሰነበተ ወይም ምድጃ አጠገብ የከረመ ከሆነ፣ ቀኑ ባያልፍም አይመኑት። ፈሳሽ እርሾ ማቀዝቀዣ ውስጥም ሆኖ በወራት ውስጥ ይደክማል።

ከተጠራጠሩ 5 ግራም እርሾ 50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ይነስንሱ፤ ሙቀቱ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ በጣም የሞቀ ውሃ ራሱ ይገድለዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ አማስለው ጥቂት ብርዝ ይጨምሩበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ብርዙን ሳይጨምሩ፣ አረፋ የለም ብለው ሲደፉት ነው። ስኳር በሌለበት ውሃ ውስጥ ደኅና እርሾም ዝም ሊል ይችላል። ብርዝ ቀምሶ ሲያረፋ ደግሞ የሚነግርዎ በሕይወት ያለ እንዳለ ብቻ ነው፤ ግማሹ ሞቶም ሊያረፋ ይችላል።

ስንቱ እንደሞተ የሚታወቀው በሜቲሊን ብሉ ቀለምና በማይክሮስኮፕ ነው። ሕያው ሕዋስ ቀለሙን አጥፍቶ ነጣ ብሎ ይታያል፣ የሞተው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ለቢራ ፋብሪካ ደንበኛ ሥራ ነው፤ ለአንድ ጋን ጠጅ ማይክሮስኮፕ መግዛት ግን ለእኔ ቅንጦት ነው። አዲስ ፓኬት ከማሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደል። ሱቁ ቅርብ ከሆነ ሙከራውን ትተው አዲስ ይግዙ። ሩቅ ከሆነ በግማሽ ሊትር ቀጭን ብርዝ ጥንስስ አዘጋጅተው አንድ ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ከደፈረሰና ካረፋ ይጠቀሙበት። ሲጨምሩት የጥንስሱና የብርዙ የሙቀት ልዩነት ከ10 ዲግሪ አይብለጥ፤ እርሾው ይደነግጣል።

ጥለውት ዝም ካለስ? እርሾውን ለመኮነን አይቸኩሉ። ማር ለእርሾ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ያንሰዋል፣ ስለዚህ ብርዝ አፈላሉ ዘገምተኛ ነው፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይብስበታል። ክዳኑ ሳይገጥም ቀርቶ ጋዙ በጎን እየወጣ፣ አረፋው ስላልታየ ብቻ የሞተ የሚመስልም አለ። ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍግታ መለኪያ) ካለዎት ቁጥሩን በየቀኑ ይመዝግቡ፤ እየወረደ ከሆነ እርሾው እየሠራ ነው። በሦስተኛው ቀንም ካልተነቃነቀ ጋኑን ሞቅ ወዳለ ክፍል ወስደው አዲስ እርሾ ይጨምሩ።