የሱቅ መሳቢያና የቤት ወጪ፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ አነስተኛ ንግዶች የሒሳብ መለያየት ጥያቄ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

አነስተኛ ነጋዴ የግል ገንዘቡን ከንግዱ ገንዘብ እንዲለይ ዘወትር ይመከራል። ምክሩ በተግባር ለምን እንደማይጸና ግን ብዙ ጊዜ አይብራራም። ይህ ጽሑፍ ከቦሌ እስከ አያት ያለውን የንግድ አካባቢ መነሻ አድርጎ፣ መደባለቁ ከነጋዴው ቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን ከሕጉ፣ ከግብር አሠራሩና ከቤተሰብ ኑሮ ጭምር እንደሚመነጭ ያስረዳል። መፍትሔውም ኪስን ከመለየት በፊት መዝገብን ከመለየት ሊጀምር እንደሚገባ ይሟገታል።

1. መግቢያ

በቦሌ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ካሉት የልብስና የመዋቢያ ሱቆች አንሥቶ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት እስከተከፈቱት አነስተኛ ንግድ ቤቶች ድረስ፣ ጠዋት በሽያጭ የገባ ብር ከሰዓት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ማታ ደግሞ የአስቤዛ መግዣ ሊሆን ይችላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጉዳዩ መልክ ተለውጧል። የመሳቢያው ገንዘብ ቢያንስ ማታ ይቆጠር ነበር፤ በባለቤቱ የግል ስልክ ቁጥር የገባ የሽያጭ ገንዘብ ግን ከዘመድ ከተላከው ጋር በአንድ ቋት ይቀመጣል። ክፍያው ቀልሏል፤ የገንዘቡን ምንጭ መለየት ግን ከብዷል።

2. የሕጉ ሁለት ገጽታ

በሕግ ፊት ግለሰብ ነጋዴና ሱቁ ሁለት ሰዎች አይደሉም፤ የሱቁ ዕዳ የባለቤቱ ዕዳ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል። ይሁንና ይህ የኃላፊነት ገደብ ትርጉም የሚኖረው የባለቤቱና የማኅበሩ ሀብት በመዝገብም በተግባርም ተለይቶ ሲገኝ ነው።

በሌላ በኩል በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ስለዚህ ያገባ ነጋዴ «የግሌ» የሚለው ትርፍ በመሠረቱ የትዳሩ ነው። ጋብቻ ሲፈርስ ወይም ባለቤቱ በድንገት ሲሞት የመዝገብ አለመኖር ዋጋ ያስከፍላል፤ በመደርደሪያው ካለው ዕቃ የትኛው በዱቤ እንደመጣና የትኛው በቤቱ ገንዘብ እንደተገዛ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ጉዳቱም በአብዛኛው ሱቁ ውስጥ እየሠራ ስሙ በንግድ ፈቃዱ ላይ ባልሰፈረው የትዳር ጓደኛ ላይ ይበረታል።

3. የግብር አሠራሩ ተጽዕኖ

የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከንግድ ገቢ እንዲቀነስ የሚፈቅደው ገቢውን ለማግኘት፣ ለመጠበቅና ለማስቀጠል አስፈላጊ የሆነን ወጪ ነው፤ የግል ፍጆታ አይቀነስም። አነስተኛ ግብር ከፋዮች ግን ለረጅም ጊዜ የታወቁት በመዝገብ ሳይሆን በግምት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተካሄደው የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብርቱ ቅሬታ ያስነሣው ነጋዴው ግምቱን ከእውነተኛ ገቢው የራቀ አድርጎ በማየቱ ነበር። ግብሩ በግምት በሚወሰንበት ሥርዓት መዝገብ መያዝ ድካም ብቻ ይመስላል፤ መዝገብ የሌለው ነጋዴም ግምቱን የሚቃወምበት ማስረጃ አይኖረውም። የግብር ውሳኔ ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ በመሆኑ፣ ከውጭ አገር በወንድም የተላከ ገንዘብ ከሽያጭ ጋር በአንድ ሒሳብ ሲገባ ሽያጭ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነጋዴው ነው።

4. ዕቁብ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ?

ዕቁብ ሁለቱን ሒሳቦች በእጅጉ ያቀላቅላል። መዋጮው ከመሳቢያው ሲወጣ ነጋዴው እንደ ወጪ ይቆጥረዋል፤ ዕጣው ሲደርሰው ደግሞ እንደ ገቢ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ዕጣ እስኪወጣ ድረስ የተከፈለው መዋጮ የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው፤ ዕጣ ከወጣ በኋላ የሚቀረው መዋጮ ዕዳ ነው። መዋጮውን ሱቁ ከፍሎ በዕጣው የቤት ዕቃ ከተገዛ፣ የሆነው ነገር ግልጽ ነው፦ ባለቤቱ የሱቁን ካፒታል ለቤቱ ወስዷል።

5. ማሳያ ስሌት

ለማሳያ ያህል፣ በ400,000 ብር የተገዛ ዕቃ በ520,000 ብር በአንድ ወር ተሸጠ እንበል። ኪራይ፣ ደመወዝና ሌሎች ወጪዎች 70,000 ብር ቢሆኑ፣ በወረቀት 50,000 ብር ትርፍ ይታያል። ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት ዋጋው በ10 በመቶ ጨምሮ 440,000 ብር ከጠየቀ፣ ሱቁን ሳይጎዳ የሚወሰደው 10,000 ብር ብቻ ነው። ባለቤቱ ለቤቱና ለዕቁቡ 70,000 ብር ቢወስድ ግን የሚቀረው 380,000 ብር ቀድሞ ከነበረው ዕቃ የሚተካው 86 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሱቁ በየቀኑ እየሸጠ መደርደሪያው ይሳሳል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚታይ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በፍጥነት ሲዳከም፣ ከውጭ የገባ አሮጌ ክምችት የነበረው ነጋዴ በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ ያተረፈ መስሎ ታየ። ከዚያ «ትርፍ» አብዛኛው ግን ለቀጣዩ ዕቃ መተኪያ ነበር።

6. መደምደሚያ

ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የነጋዴውን የቤት ወጪ በመዝገቡ ውስጥ ለብቻው እንዲጻፍ አስተምሯል። ቤቱን ከሱቁ አላባረረም፤ ስምና ዓምድ ሰጠው። ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነጋዴም የሚቀርበው መነሻ ይኸው ነው። በአንድ ደብተር ሦስት ዓምዶች ይበቃሉ፦ የሱቁ ገቢ፣ የሱቁ ወጪ፣ ለቤት የተወሰደ። ከመደርደሪያ ወደ ቤት የሄደ ዘይትና ሳሙናም በሦስተኛው ዓምድ በተገዛበት ዋጋ ይጻፋል። ቀጥሎ ለሽያጭ ብቻ የሚያገለግል የባንክ ሒሳብና የነጋዴ የቴሌብር ሒሳብ ይከፈታል፤ በመጨረሻም ከትዳር ጓደኛ ጋር በመስማማት፣ ዕቃ ከሚተካበት ገንዘብ በላይ ከሚተርፈው የማይበልጥ ወርኃዊ ደመወዝ ለባለቤቱ ይቆረጣል።

ሕመምና ለቅሶ ይህን ደመወዝ የሚያስጥሱበት ወር መምጣቱ አይቀርም። ያኔም መዝገቡ ገንዘቡን ከማውጣት አይከለክልም፤ ለቤት የተወሰደው ምን ያህል እንደሆነና በሱቁ የቀረው ስንት ዕቃ እንደሚተካ ግን ያሳያል።