ተሳላሚና ተመልካች፤ ቤተ ሰብን ይዞ ወደ ዋግ ስለ መጓዝ

በክርስቲያን ቤት ውስጥ ለዕረፍት የተገኘው ጥቂት ቀን በምን ይዋል የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የቤተ ሰቡን ልብ የሚገልጥ ጥያቄ ነው። በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፣ ይኸው ጥያቄ በእኛም ቤት ተነሣ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ወንዱ ልጃችንና የስምንት ዓመቷ እኅቱ ባሕር ካላየን አሉ። አያታቸው ደግሞ ዕድሜያቸው ሳያልፍ ላሊበላን ተሳልመው፣ ከዚያም አልፈው የአባታቸው ወገኖች የወጡባትን ሰቆጣን በዐይናቸው ለማየት ይመኙ ነበር።

ከእኛ የቀደሙት ከአስመራ ወደ ምጽዋ እየወረዱ የቀይ ባሕርን ዳር ያዩ ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ለልጆቹ፣ ባሕሩ ባይሆን ታላቅ ውሃ እናሳያችኋለን ብለን ተስፋ ሰጠናቸው፤ መንገዳችንም ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በወልድያና በላሊበላ አድርጎ ወደ ዋግ ኽምራ እንዲሆን ተቈረጠ።

ስለ ቤተ ሰብ ጉዞ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሲፈለግ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም መውጣቱን ነው። እኛ ግን በመነሻችን ዋዜማ ምሽት ያነበብነው መጽሐፈ ጦቢትን ነው። በዚህ መጽሐፍ ሁለት ነገሮች አብረው ይገኛሉ። አባትየው ጦቢት በምርኮ አገር ሳለ፣ የወደቀ ሬሳ መኖሩን ሲሰማ ማዕዱን ትቶ እየተነሣ የሚቀብር፣ በዚህም ምክንያት ሀብቱን ያጣ ሰው ነበረ። ልጁ ጦብያ ደግሞ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር፣ መልአክ መሆኑን ሳያውቅ፣ ወደ ሜዶን አገር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ውሻውም ይከተለዋል። ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ የውሻውን ነገር ወደዱት። እኛም የመንገዱን ክፍል በሰፊው፣ የቀብሩን ክፍል ግን በችኮላ አነበብንላቸው፤ ይህ ስሕተት መሆኑን የተረዳነው ሰቆጣ ከደረስን በኋላ ነው።

በአማርኛችን ለመንገደኛ የተሰጡትን ሁለት ስሞች ማስተዋል ይገባል። አንደኛው ተመልካች ነው፤ ዛሬ ጎብኚ ወይም ቱሪስት የምንለው ነው። ሁለተኛው ተሳላሚ ነው። ተሳለመ የሚለው ቃል ሰላም ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው፤ ተሳላሚ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሶ መድረኩን ሲስም ሰላምታ ያቀርባል፤ ሰላምታ ደግሞ ያለ ተቀባይ አይሰጥምና፣ በዚያ ባለ ቤት መኖሩን በዚሁ ይመሰክራል። ተመልካች ግን ባለ ቤቱን ሳይፈልግ ገብቶ፣ አይቶ፣ ቍመቱንና ዘመኑን ጠይቆ ይወጣል። እኛ በመኪናችን ላይ ስንቅ፣ ነጠላና መቋሚያ ስለ ጫንን ብቻ ተሳላሚዎች ነን ብለን አስበን ነበር።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ሆነ። ሐይቅ በአማርኛ የተኛ ውሃ ማለት ይሁን እንጂ በግእዝ የባሕር ዳር፣ የውሃ ጠረፍ ማለት ነው። ለልጆቹም፣ እነሆ ባሕሩ ባይኖረን ዳሩ አለን ብንላቸው ሣቁብን። ገዳሙ ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚህ ቦታ ተቀምጠው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ ደቀ መዛሙርትን አስተማሩ፤ በዘመናቸው የተጻፈው ወንጌልም ሥዕላቸውን እንደ ያዘ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡምና፣ እኛና ወንዱ ልጃችን ስንገባ አያታቸው፣ እናታቸውና ትንሿ ልጅ ከውሃው ዳር ቈዩ። ስንመለስ ያየነውን ሁሉ ለመተረክ ቸኩለን ነበር፤ ሦስቱ ግን ወደ ገዳሙ ፊታቸውን አዙረው ዝም ብለው ተቀምጠው አገኘናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን ከእኛ መካከል የተሳለመው ማን እንደ ሆነ እንጃ።

ሐይቅን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዋግ ነገር ከዚህ ይጀምራልና። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1270 ዓ.ም. መንግሥት ከዛጔ ነገሥታት ወደ ዐፄ ይኵኖ አምላክ ተላለፈ። አንዱ ትውፊት ነገሩ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አስታራቂነት በቃል ኪዳን ተፈጸመ ይላል፤ ሌላው የአባ ኢየሱስ ሞዐን ስም ያነሣል፤ የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ በጦርነት ተገደለ የሚል ትረካም አለ። የቃል ኪዳኑን ትውፊት የያዙት እንደሚሉት ዛጔዎች ዙፋኑን ሲለቁ ዋግ ርስት ሆኖ ቀረላቸው፤ አለቃቸውም ዋግ ሹም ተብሎ በብር ዙፋን እንዲቀመጥና ነጋሪት እንዲያስመታ ተፈቀደለት። ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ደርሷል። ከእነርሱ ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነገሡ፤ ከዚሁ ቤት የተወለዱት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም ከጣልያን ጋር ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. ወደቁ።

ስለ ላሊበላ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አንዘገይም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ወዳለው ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ግን፣ አያታቸው በበቅሎ፣ ልጆቹ እያጕረመረሙ በእግር፣ በጥዱ ደን ውስጥ ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ በታላቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው፤ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ተሠርቷል፤ ይህም የአክሱም አናጢዎችና ግንበኞች ስልት ነው። ንጉሡ ይምርሃነ ክርስቶስ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠ፣ ንግሥናን ከክህነት ጋር የያዘ ነው። የአገሩ ሰዎች ከወለሉ በታች ባሕር አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በውሃው ላይ በተረበረበ እንጨትና አፈር ላይ ቆሟል ይላሉ። ትንሿ ልጃችን ይህን በሰማች ጊዜ ጆሮዋን ከምድር አስጠግታ ብዙ አዳመጠች። ምን ሰማሽ ብንላት፣ ምንም አለች፤ ነገር ግን አልተነሣችም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ በዋሻው ውስጥ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከማችቶ ይታያል። ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው በዚያው ለመሞት የመረጡ ምእመናን ናቸው ይባላል። እኛም ደንግጠን፣ ልጆቹን እያቻኰልን ወጣን። አያታቸው ብቻ ወደ ኋላ ቀርተው ነበርና ለምን ዘገዩ ብለን ጠየቅናቸው፤ መልስ አልሰጡንም።

ከላሊበላ በብልባላ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ፣ ተራራው እየተራቈተ፣ ሸለቆውም እየጠለቀ ወደ ሰቆጣ ያደርሳል። በሰቆጣ ገበያ ከአማርኛ ጋር ኽምጣና ይነገራል፤ ይኸውም የዋግ አገው ቋንቋ ነው። የዛጔ ነገሥታት ከአገው ወገን የወጡ ናቸውና፣ የዚያ ወገን ቋንቋ ዛሬ ማርና በርበሬ ሲሸጥበት መስማት ሰሚውን ያስደንቀዋል። አያታቸው በልጅነታቸው ከአባታቸው አፍ የሰሟቸው ጥቂት ቃላት ነበሯቸው። አንዲት ማር ሻጭ አሮጊት በኽምጣና ሰላምታ ቢያቀርቡላቸው፣ እርሳቸውም ከ60 ዓመት በላይ በአፋቸው ያልዞረውን ቃል አግኝተው መለሱ፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው አለቀሱ። እኛ በዚያ ሰዓት የማሩን ዋጋ እንከራከር ነበር።

በማግሥቱ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ወዳለው ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄድን። ይህ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፊቱም በጥርብ ጌጥ ያማረ ነው። በዚያም የዋግ ሹሞች ሥጋ ሳይፈርስ ደርቆ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ወንዱ ልጃችን ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ቢሞክር ጨለማ ሆነበት፤ እኛም፣ ልንከለክለው ሲገባ፣ የእጅ ባትሪያችንን አብርተን አሳየነው። ይህን ስንጽፍ ዛሬም እናፍራለን። ሴቷ ልጅ ግን ወደ አገልጋዩ ካህን ዘወር ብላ፣

«አባ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አለቻቸው።

ካህኑም፣ «እርሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ልጄ» አሉ።

አያታቸው ነጠላቸውን አደግድገው ከመሬት ወድቀው ሰግደው ነበር። ሲነሡ ወደ ወንዱ ልጅ ተመለከቱና፣ «የተኛ ሰው ካለበት ቤት ስትገባ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ድምፄን እቀንሳለሁ፤ እማማ።»

«መብራቱንስ?»

ልጁ ዝም አለ፤ እኛም ባትሪውን አጠፋን። ወደ ከተማው ስንመለስ በመኪና ውስጥ፣ ቍጣ በሌለበት ቃል፣ «እነዚያ ሰዎች ምናልባት ዘመዶቼ ይሆናሉ» አሉን። በዚያች ማታ አባትና ልጅ አብረን ተቀምጠን ፎቶግራፉን ከስልኩ ደመሰስነው።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሙታን ሥጋ ምን ታስተምራለች ብሎ መጠየቅ በዚህ ቦታ ይገባል። የክርስቲያን ሥጋ በሜሮን የታተመ፣ ቅዱስ ቍርባን የተቀበለ ሥጋ ነው፤ ነፍስ ስትለየውም እንደ ተጣለ ልብስ አይቈጠርም። ስለዚህ በጸሎተ ፍትሐት ይሸኛል፤ በዕጣን ይከበራል፤ ተዝካሩ ይወጣል፤ በቅዳሴም ጊዜ ሙታን ይታሰባሉ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ከዕቃቸው ጋር የዮሴፍን ዐፅም ተሸክመው እንደ ወጡ፣ የነቢዩ የኤልሳዕ ዐፅምም የነካውን ሬሳ እንዳስነሣ በብሉይ ኪዳን ተጽፎአል። ዐፅሙን ማየት ኃጢአት አይደለም፤ ያየው ሰው ስለዚያች ነፍስ ሳይጸልይ ማለፉ ግን ባለ ቤቱን ሰላም ሳይሉ ከቤቱ ገብቶ እንደ መውጣት ነው። ሕፃናት ደግሞ ይህን ከስብከት ይልቅ አጠገባቸው የቆመው ታላቅ ሰው ከሚያደርገው ይማራሉ። የእኛ ልጅ ባትሪ ማብራትን ከእኛ፣ ዝም ማለትን ከአያቱ ተማረ።

ያሳደሩን አባወራ ይህን ነገር ሰምተው ሌላ ታሪክ ጨመሩልን። በ1977 ዓ.ም. በዋግ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ ወደ ኮረም በእግራቸው ከሄዱት ብዙ ሺህ ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በኮረም በየማለዳው ሬሳ ሲለቀም ስሙ የማይታወቅ ብዙ ነበር አሉ፤ ከጠገበ ሰው ቀብር የሚያንሰው አፈሩ አይደለም፤ ስም የሚጠራለት ማጣቱ ነው አሉ። ይህን ሲነግሩን በፊታችን የማሽላ እንጀራና ማር ቀርቦ ነበር፤ ከቤታቸው የነበረው ምርጡ እንደ ሆነ ኋላ ከባለቤታቸው ሰማን። ከልጆች መቀንጨር አገሪቱን በ2022 ዓ.ም. ለማላቀቅ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጀው ቃል ኪዳን በዚህች ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ ወረድን፤ ለልጆቹ የሰጠነው ተስፋ አልተረሳምና። በተከዜ ላይ የተሠራውና በ2002 ዓ.ም. የተፈጸመው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ወደ ኋላ የተኛውም ውሃ እስከ ዋግ ቆላዎች ይዘልቃል፤ ቀድሞ ፍየል ይጠብቁ ከነበሩት አንዳንዶቹ ዛሬ ዓሣ ያጠምዱበታል። ወንዱ ልጅ ይህ ባሕር ነውን ቢለን፣ የጣናን ውሃ ባሕር ያሉ አባቶች ይህንንም ባሕር ይሉት ነበር አልነው። በዚያው ዳር ተቀምጠን መጽሐፈ ጦቢትን እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበብን፤ ጦብያ በወንዙ ዳር ዓሣውን ከያዘበት ቦታ ስንደርስ አንድ አጥማጅ መረቡን ትቶ መጥቶ ከእኛ ጋር አዳመጠ። ሴቷ ልጅ የክርስትና ስሙን ጠይቃ በደብተሯ ጻፈች። ያን ጊዜ ደብተሩን አየነው። በአንዱ ገጽ በላይኛው መሥመር፣ ስማቸውን እግዚአብሔር የሚያውቀው የዋግ ሹሞች የሚል ነበር፤ ከሥሩ የማር ሻጯ፣ ያሳደሩን አባወራ፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ተጽፈዋል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰቆጣንና ዙሪያዋን ደረሰባቸው፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያ ወራት ስልክ በተቋረጠ ጊዜ ልጅቷ በየምሽቱ ደብተሩን ይዛ እየመጣች ስማቸውን እንድናነብ ታስገድደን ነበር። ከእነዚያ መካከል ያሉበትን ያወቅነው ሦስቱን ብቻ ነው። አያታቸው በ2014 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ውስጥ ዐረፉ። ከቀብር እንደ ተመለስን ልጅቷ ደብተሩን አውጥታ፣ የክርስትና ስማቸውን በዚያው ገጽ፣ ከላይኛው መሥመር አጠገብ ጻፈችው።