«አስተያየት ያለው?» ሲባል



ደብረ ብርሃን በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ከግምጃ ቤት ዕቃ ጎደለ። ዕቃው የወጣው ከበላይ በተሰጠ የቃል ትእዛዝ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቅ ነበር፤ ሲጫን ያየነው በጠራራ ፀሐይ ነው። በስብሰባው ግን ጥፋቱ በዘበኛው ላይ ተነበበ። ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው?» ሲሉ ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ጀመር። «እንግዲያው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ። እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ሻይ ቤት ስንገባ ምላሳችን ተፈታ። አንዱ «ግፍ ነው» ሲል ሌላው «እኔ እኮ ልናገር ነበር» አለ። ለካ የሁላችንም ሐሳብ አንድ ኖሮ፣ እያንዳንዳችን ግን ብቻችንን የሆንን መስሎን ነበር።

እንግዲህ ዝምታ ሁሉ ካለማወቅ አይመጣም። «ጎመን በጤና» የሚል ሰው የልጆቹን እንጀራ ያስባል፤ በዚህ አልፈርድበትም። ይልቁን የሚከፋው ሁሉም ሌላው እንዲጀምር መጠበቁ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ብዙ ሕዝብ ከደሴ በሚመጣው አውራ ጎዳና ዳር ወድቆ ነበር። ይህ መንገድ ጣርማ በርን አልፎ በከተማችን በኩል አዲስ አበባ የሚገባው ነው። ስለዚህ ሹሙም ነጋዴውም በመኪና ሲያልፍ ያይ ነበር። ከታች ሪፖርት ሳይጻፍ ቀርቶም አይደለም፤ የመንግሥት ስም እንዳይጎድፍ ተብሎ ነገሩ ላይ ተሸፈነ። በዚያው ዓመት ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ሲያሳዩ ተማሪው ተነሣ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ረሃቡን ለዓለም አሳየ። እስከዚያ ድረስ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። ከሞቱት ስንቱን አንድ ፊርማ ያድነው ነበር?

ወደ ራሴ ልመለስ። ኅሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ከሥራ የተባረረውን ዘበኛ ፍለጋ አገሩ አንኮበር ወረድሁ። እርሱ እርሻ ውሎ ኖሮ የተቀበሉኝ አዛውንት አባቱ ናቸው። አላቄሙብኝም። ቡና እየጠጣን ስለ ጥንቱ አፈርሳታ አጫወቱኝ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አገሬው ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ወንጀለኛው ካልታወቀ ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። የሚያውቅ ሰው ግን በአደባባይ «እኔ አየሁ» እንዲል አይገደድም። ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ የተናገረችው «ወፍ» ናት ይባላል።

«ታዲያ ወፏ ንጹሕ ሰው ብትወነጅልሳ?» አልኋቸው።

«እሱም ይሆን ነበር» አሉ ሳይሸሽጉ። «ግን የአገሬው ሰው ጥንትም ፈሪ መሆኑን አባቶች ያውቁ ነበር። ፍርሃቱን አልነቀፉም፤ መንገድ አበጁለት።»

ስመለስ ለአራት ባልደረቦቼ ይህንኑ ነገርኋቸው። ማመልከቻ ጻፍን። ማን አስቀድሞ ይፈርም በሚለው ግማሽ ቀን ከተከራከርን በኋላ፣ መጀመሪያና መጨረሻው እንዳይለይ ስማችንን በወረቀቱ ግርጌ ዙሪያውን በክብ ጻፍነው። ይህ ሁሉ የሆነው ከስብሰባው በኋላ በሰባተኛው ሳምንት ነው።

ዘበኛው ወደ ሥራው ተመልሷል። ጠዋት ስንገባ ሰላምታ ይሰጠናል፤ ዓይን ዓይናችንን ግን አያየንም።