ስለ እጅ ስፌት ትምህርት

በአገራችን በብዙ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ ጥጥ መፍተል የሴት ሥራ፥ ሽመና ግን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ልብስ መስፋትም አብዛኛውን ጊዜ በወንዶች እጅ የነበረ ነው። ስለዚህ መርፌ መያዝ ለወንድ ልጅ ነውር ነው የሚል ሰው ቢገኝ የአባቶቹን ልማድ ያልመረመረ ነው። ወንዱም ሴቲቱም ሊማሩት ይገባል፤ ልብሱ በትከሻው ላይ የተቀደደበት ልጅ ባልንጀሮቹ እንዳይስቁበት ፈርቶ ከትምህርት የሚቀርበት ጊዜ አለና።

ለመጀመሪያ የሚያስፈልገው መርፌ፥ ክር፥ መቀስና ሁለት ክንድ ያህል አቡጀዲ ነው። የስፌት መኪና ያለው ሰው እንኳ ቁልፍ ለመትከል ወደ እጁ መርፌ ይመለሳል። ክሩ ከአንድ ክንድ አይርዘም፤ ረዥም ክር ይተበተባል፤ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስም ይሳሳል።

ጨርቅ በድርና በማግ የተሠራ ነውና፥ አንዱን ፈትል ከዳሩ ይዘው ቀስ አድርገው ቢስቡት በወጣበት ስፍራ ቀጥ ያለ መሥመር ይታያል፤ መቀሱም ያንን ይከተል። ማስመሪያ በሌለበት ቤት ይህ እጅግ ይረዳል። መጀመሪያ የሚሠራው መሐረብ ነው፤ ዳሩ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይወሰወሳል፥ ከዚያም ይዘመዘማል፤ በመጨረሻም የውስወሳው ክር ይመዘዛል።

ከዚህ በኋላ የደብተር ከረጢት ይሰፋል። አንድ ክንድ ተኩል ርዝመት፥ አንድ ስንዝር ተኩል ስፋት ያለው ጨርቅ አፉ አስቀድሞ ተዘምዝሞ በመካከሉ ይታጠፋል። ሸክም ለሚይዝ ጎን ውስወሳ ብቻ አይበቃም፤ መርፌው ከታች ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደመው ስፌት በጨረሰበት ቀዳዳ ይግባ፥ በታችም ሁለት እጥፍ ወደ ፊት ተሻግሮ ይውጣ። እንዲህ የተሰፋው አንዱ ቢበጠስ የቀረው ቶሎ አይተረተርም።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚፈልገው መጣፍ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ነው። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚኰማተር፥ ሳይታጠብ በአሮጌ ልብስ ላይ የተጣፈ እንደ ሆነ በዙሪያው ያለውን የሳሳ ጨርቅ ስቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። እንግዲህ መጣፊያው አስቀድሞ ታጥቦ ይድረቅ። የቀዳዳው ብጥስጣሽ በመቀስ ይስተካከል፤ መጣፊያው በየጎኑ በሁለት ጣት ይብለጥ፤ ድሩም በልብሱ ድር አቅጣጫ ይሁን፥ አለዚያ ይጨማደዳል። በውስጥ በኩል ተለጥፎ ይወስወስ፥ የመጣፊያው ዳር ታጥፎ ይዘምዘም፤ ቀጥሎም ልብሱ ተገልብጦ የቀዳዳው ዳር ማዕዘኑ ጥቂት ተቈርጦ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋ። ክሩ በኃይል የተሳበ እንደ ሆነ ጨርቁ ይሸበሸባል።

መምህሩ ሥራው ሲጀመርም ሲያልቅም መርፌዎቹን ይቍጠር። በምንጣፍ ላይ የወደቀ መርፌ የሚድኸውን ሕፃን ይወጋል፤ በጭድ ውስጥ የገባውንም ከብት ሊውጠው ይችላል። መርፌው ሁሉ በወፍራም ጨርቅ ቍራጭ ላይ ተሰክቶ ሕፃናት በማይደርሱበት ይሰቀል።