የተማሪ ስም

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በተለያየ ዘመን ሁለት ጊዜ ተቀብሏል። በ1977 ዓ.ም. በዚያ የተጠለሉ ቤተ እስራኤላውያን በምስጢር በአውሮፕላን ሲጓጓዙ ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ ጉዞውም ተቋረጠ። ሳይሄዱ የቀሩ ነበሩ።

በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ሰፈሩ እንደ ገና ተከፈተ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40000 በላይ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ከእነርሱም መካከል ተማሪዎች ብዙ ነበሩ።

የተማሪ መዝገብ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የትውልድ ቦታውን ይይዛል። ይህ በሰላም ለሚኖር ልጅ ተራ ነገር ነው፤ ጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ልጅ ግን ዘሩንና የቤተሰቡን መገኛ ያሳብቃል። የወረቀት መዝገብ በመምህሩ ሣጥን ተቆልፎ ያድራል። በኢንተርኔት የተላከውን ግን ማን እንደ ቀዳው አይታወቅም። ስደተኛ ሲመዘገብ የጣትና የዓይን አሻራው በኮምፒዩተር ይያዛል፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይለወጣል፣ አሻራ ግን አይለወጥም።

ስጋቱ በስደተኛ ብቻ አይወሰንም። ሂውማን ራይትስ ዎች በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ መንግሥታት ለትምህርት የመረጧቸውን የኢንተርኔት መሣሪያዎች በ49 አገሮች መርምሮ፣ አብዛኞቹ የልጆችን ምስጢር ለአደጋ ያጋለጡ መሆናቸውን በ2014 ዓ.ም. ገልጿል።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2007 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይወሰድ፣ ባለቤቱም ምክንያቱ እንዲነገረው ያዛል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችሁ መዝገብ ከሚጻፉት ነገሮች ለትምህርቱ ሥራ የማያስፈልገው የትኛው ነው? ስለምን?