የዛገው ሞዞና የሚሰፋው ቀዳዳ

በቆሎ በ75 ሳንቲ ሜትር ረድፍ በተዘራበት ማሳ ውስጥ ለኩትኳቶ የሚገባ ትራክተር ሰብሉን ሳይረግጥ እንዲያልፍ፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 150 ሳንቲ ሜትር መሆን ይኖርበታል። ሰብሉ በ60 ሳንቲ ሜትር ረድፍ የተዘራ አኩሪ አተር ከሆነ ግን ርቀቱን ወደ 180 ሳንቲ ሜትር ማስፋት ያስፈልጋል። ፓዌ ሁለቱም ሰብሎች የሚመረቱባት ምድር በመሆኗ ይህ ማስተካከያ ለባለ ትራክተሩ ቅንጦት አይደለም። የሚቻለውም ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ በሴሚያሱ፣ ማለትም ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ላይ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንሸራተት ሲችል ነው። በአሮጌ ትራክተር ላይ ግን ሞዞው ብዙውን ጊዜ ከዘንጉ ጋር አንድ ብረት የሆነ ያህል ተጣብቆ ይገኛል። (ሞዞም ሴሚያስም፣ ኩሽኔታም ዳዶም ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ የወረሷቸው ቃላት ናቸው፤ እኛም ሌላ ቃል አንፈጥርላቸውም።)

በፓዌ ሞዞ የሚጣበቅበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሞቃት ቆላ ሆኖ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲረጥብ በዘንጉና በሞዞው መጋጠሚያ ላይ ይለጠፋል፤ እርጥበቱንም ይዞ ይቆያል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በተካሄደው ሰፈራና በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ በተቋቋመው የጣና በለስ ፕሮጀክት ዘመን እዚህ በትራክተር ማረስ የተለመደ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲቋረጥ የጥገና አቅሙም አብሮ ተዳከመ። ግሪስ ሳይነካው ለዓመታት አንድ ቦታ የቆየ ሞዞ ደግሞ መዛገቱ አይቀርም።

ብረት ሲዝግ ይበላል እንጂ ያብጣል ብለን አናስብም። ሆኖም ከአየርና ከውኃ ጋር ተዋህዶ ዝገት ሲሆን ይዞታው ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። ሜዳ ላይ የዋለ ብረት ዝገቱን እያራገፈ ይቀጥናል፤ በሞዞና በዘንግ መካከል የተፈጠረ ዝገት ግን መውጫ ስለሌለው ሁለቱን ብረቶች እየገፋ ይጨመቃል። ለስሌት ያህል የዘንጉ ውፍረት 75 ሚሊ ሜትር፣ በሞዞው የተሸፈነው ርዝመት 150 ሚሊ ሜትር፣ የዝገቱ ግፊት ደግሞ ከከባቢ አየር ግፊት 200 እጥፍ ነው እንበል። ዘንጉ ዙሪያውን የሚጨመቅበት ኃይል 70 ቶን ገደማ ይሆናል። ሰበቃው የዚህ 0.3 እጅ ቢሆን እንኳ፣ ሞዞውን ጎትቶ ለማንሸራተት ከ20 ቶን በላይ ያስፈልጋል።

አሁን መካኒኩ ያለውን ኃይል እንመልከት። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመንቀያ ብሎን አንድ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ፣ በ30 ኪሎ ክብደት ያህል ጉልበት ቢጠበቅ 7.5 ቶን ገደማ ይጎትታል። ሁለት ብሎኖች 15 ቶን ይሰጣሉ፤ አይበቃም። በዚህ ጊዜ ትልቁ መዶሻ ይመጣል። አምስት ኪሎ መዶሻ በሴኮንድ ስድስት ሜትር ፍጥነት አርፎ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካይ ኃይሉ ወደ 9 ቶን ይደርሳል። ዳሩ ግን ዘንጉን ጫፉ ላይ ስንመታው ይህ ኃይል ወደ ውስጥ ዘልቆ ኩሽኔታዎቹን ያገኛቸዋል። ሞዞውን ራሱን ስንመታው ደግሞ፣ ሞዞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከማይታጠፈው ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት ስለሆነ ይሰነጠቃል። ለአሮጌ ትራክተር ምትክ ሞዞ ፍለጋ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

መፍትሔው ሙቀት ነው። በዚህ ላይ ተማሪዎቻችንን ስንጠይቅ ብዙዎቹ የሚሳሳቱበት ጥያቄ አለ፦ ቀዳዳ ያለው ብረት ሲሞቅ ቀዳዳው ይጠባል ወይስ ይሰፋል? «ብረቱ ወደ ውስጥም ስለሚያብጥ ይጠባል» የሚለው መልስ ስህተት ነው። ቀዳዳው በብረት ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ያ ብረት ከዙሪያው ጋር እኩል በሰፋ ነበር፤ ቢወጣም የዙሪያው አሰፋፍ አይለወጥም። ስለዚህ ቀዳዳው ይሰፋል። ሁለት ብርጭቆዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ሲጣበቁ የውጪውን ለብ ባለ ውኃ የምትነክር እናት ይህንኑ ሕግ ትጠቀማለች።

ሞዞው በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚሊዮን 11 እጅ ያህል ይሰፋል። ከዘንጉ በ150 ዲግሪ ቢበልጥ የ75 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ በ0.12 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህ ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ቀደም ሲል ያሰላነውን የ70 ቶን ጭምቀት የፈጠረው የዝገቱ ትርፍ ውፍረት 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው! ከ20 ቶን ጋር የምንታገለው ለዚህችው ቅንጣት ነው።

ወሳኙ ነገር እንግዲህ ሞዞው ምን ያህል ጋለ የሚለው ሳይሆን ከዘንጉ ምን ያህል በለጠ የሚለው ነው። ሙቀት በእንዲህ ዓይነቱ ብረት ውስጥ ሦስት ሳንቲ ሜትር ለመዝለቅ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በከሰል ቀስ ብሎ የሚያሞቅ ሰው ዘንጉንም አብሮ ያሰፋዋል፤ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ከዚያም ሙቀት አይሠራም ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ መንቀያው አስቀድሞ ይወጠራል፤ ሞዞው ከተቻለ ከሁለት ወገን በጋዝ ነበልባል በፍጥነት ይሞቃል፤ የዘንጉ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው የምጣድ ዘዴ አለ፦ የውኃ ጠብታ ከተንጫጫ ሞዞው ከ100 ዲግሪ አልፏል፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ወደ 200 ተጠግቷል፤ ይብቃ። ብረቱ እስኪቀላ መጠበቅ የዘይት መከላከያውን ጎማ ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም።

በየእርሻው ብዙ የሚታየውን ቤላሩስ ኤምቲዜድ-80 በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። የዚህ ትራክተር የኋላ ሞዞ ዘንጉን በብሎኖች ጨምቆ ይይዛል፤ በውስጡም በዘንጉ ላይ ከተቀረጹ ጥርሶች ጋር የሚገናኝ ጠመዝማዛ ብሎን አለ። ይህ ብሎን የተሠራው የላላ ሞዞን ለማንሸራተት ነው። የተጣበቀውን በእርሱ ለማላቀቅ የሚታገል ሰው ጥርሱን ይበላዋል። መጨመቂያ ብሎኖቹን ሳያላሉ መንቀያ መወጠርም ያጋጥማል፤ ከዝገቱ በፊት ከራስ ጋር መጎተት ነው።

ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ መጋጠሚያው ላይ ማፍሰስ ጠቃሚ ነው፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ፈሳሽ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሁለት እጥፍ ጥልቀት ለመዝለቅ አራት እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድበት ማታ አፍስሶ ጠዋት ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም። ነበልባል ከመቅረቡ በፊት ግን ናፍጣው ተጠርጎ መድረቅ አለበት።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ጎማው ነው። በቸርኬው ላይ እንዳለ ጎማ አጠገብ እሳት ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ ነፋሱ ቢወጣለትም እንኳ። የሞቀ ጎማ ከውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል፤ ፍንዳታውም ሰው ይገድላል። ስለዚህ ትራክተሩ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ ግንድ ይደገፋል፤ ዳዶዎቹ ተፈትተው ጎማው ከነቸርኬው ወደ ሩቅ ይወሰዳል፤ እሳቱ ባዶውን ሞዞ ብቻ ያገኛል።

ሞዞው ሲለቅ እንደ ጥይት ይጮኻል፤ በመንቀያው ፊት ለፊት ማንም መቆም የለበትም። ዘንጉ በብረት ቡሩሽ ከተጠረገ በኋላ ግሪስ ይቀባል። በቀጣዩ ግንቦት፣ መረሬው ከመራሱ በፊት፣ መጨመቂያዎቹን አላልቶ ሞዞውን አንድ ስንዝር ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።